«ጨርሶ ይማርህ»፦ በማገገም ዘመን ስለሚያስፈልግ እምነትና ትዕግሥት

የሀገራችን ምእመናን የታመመውን ሰው የሚመርቁበት ሁለት ቃል አላቸው። በአልጋው ላይ ተኝቶ ላገኙት «እግዚአብሔር ይማርህ» ይሉታል። ከአልጋው ተነሥቶ፥ በትሩን ተደግፎ በደጁ ፀሐይ ሲሞቅ ላገኙት ግን «ጨርሶ ይማርህ» ይሉታል። ይህ ሁለተኛው ቃል ከልማድ ብዛት የተነሣ ቀላል ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ታላቅ ትምህርት አለበት። አንደኛ፥ የሥጋን ጤና ምሕረት ብሎ ስለሚጠራው፥ ጤና ለሰው የሚከፈል ዕዳ ሳይሆን የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ይመሰክራል። ሁለተኛ፥ ምሕረቱ መጀመሩን ያምናል፤ ያለዚያማ «ጨርሶ» ባላለ ነበር። ሦስተኛ፥ የተጀመረው ገና እንዳልተፈጸመ ያውቃል፤ ስለዚህም ፍጻሜውን ይለምናል።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ልንማማርበት የወደድነው ስለዚህ መካከለኛ ዘመን ነው፤ ይኸውም ሞት ከራቀ በኋላ ጤና ተመልሶ እስኪጸና ድረስ ስላለው ጊዜ ነው። ስለ ሕመም ብዙ ተጽፎአል፤ ስለ ድንቅ ፈውስም ብዙ ተነግሮአል። ስለ ማገገም የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የብዙ ሰው እምነት የሚፈተነው በጽኑ ሕመሙ ሌሊት ሳይሆን በዚህ ረጅም ወራት ነው። በጽኑ ሕመም ጊዜ ሰው ሌላ መጠጊያ ስለሌለው ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፤ ዘመድና ጎረቤትም ከብበውት አብረውት ይጮኻሉ። በማገገም ጊዜ ግን ብቻውን ሆኖ ከሁለት ወገን ይፈተናል። ወይም «ድኛለሁ» ብሎ የታዘዘለትን ሳይፈጽም ይተዋል፤ ወይም «ከእንግዲህ አልድንም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል። የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው፤ የተጀመረው ነገር ሳይፈጸም ይቀራል።

ጌታ ሁለት ጊዜ እጁን የጫነበት ሰው

ስለዚህ መካከለኛ ዘመን ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ የጻፈልን አንድ ታሪክ አለ (ማር. 8፥22-26)። በቤተ ሳይዳ አንድ ዕውር ወደ ጌታችን አመጡ። ጌታም እጁን ይዞ ከመንደር ወደ ውጭ አወጣው፤ በዓይኖቹ ላይ ምራቁን አድርጎ፥ እጁንም ጭኖ፥ የሚያየው ነገር እንዳለ ጠየቀው። ሰውዬውም ሰዎች ሲመላለሱ እንደሚያይ፥ ነገር ግን እንደ ዛፍ ሆነው እንደሚታዩት ተናገረ። ጌታም ዳግመኛ እጁን በዓይኖቹ ላይ ጫነ፤ ያን ጊዜ አጥርቶ አየ።

በቃሉ ብቻ ሙታንን ያስነሣ አምላክ ይህን ሰው በአንድ ጊዜ መፈወስ ተስኖት ነበርን? አይደለም። ኀይል አላነሰውም፤ ይልቁንም ቀስ በቀስ የሚድነው ሕመምተኛ መጽናኛ እንዲያገኝ ይህን አደረገ ብንል አንሳሳትም። በታሪኩም ውስጥ ለሚያገግም ሰው የሚሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ።

መጀመሪያው፥ ግማሹ ፈውስም ከጌታ እጅ የተሰጠ መሆኑ ነው። ሰውን እንደ ዛፍ የሚያይ ዓይን ገና ጤነኛ አይደለም፤ ነገር ግን ትናንት ምንም የማያይ ዓይን ነበር። ከአልጋው ወርዶ እስከ ደጁ የደረሰ ሕመምተኛ እስከ ቤተ ክርስቲያን ባለመድረሱ ያዝናል፤ እስከ ደጁ ያደረሰው ማን እንደ ሆነ ግን ይረሳል። ስለ ጥቂቱ የማያመሰግን ብዙውን በትዕግሥት መጠበቅ አይችልም።

ሁለተኛው፥ ሰውዬው እውነቱን መናገሩ ነው። ጌታን ደስ ያሰኘ መስሎት «ሁሉን አያለሁ» አላለም፤ ተበሳጭቶም «ምንም አላይም» አላለም። ያየውን ያህል ተናገረ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፥ ሕመሙን ከሐኪሙና ከንስሓ አባቱ የሚሰውር ሰው ራሱን ይጎዳል። ሕመምተኛውን «ድኛለሁ በል፥ መስክር» እያሉ ያልሆነውን የሚያናግሩት ሰዎችም ይህን ታሪክ ቢያስተውሉ መልካም ነበር። እምነት ሐሰት መናገር አይደለም። ጌታ የጠየቀው ሰው ያልዳነውን ክፍል ሲገልጥ አልተቆጣውም፤ ዳግመኛ እጁን ጫነበት እንጂ።

ሦስተኛው፥ ሰውዬው ከጌታ እጅ በታች ጸንቶ መቆየቱ ነው። ጥቂት ብርሃን ባየ ጊዜ ወደ መንደሩ ሮጦ ቢሄድ ኖሮ ሰውን እንደ ዛፍ እያየ ዕድሜውን በፈጸመ ነበር።

ጠበሉም መድኃኒቱም ከአንድ ሰጪ ናቸው

በቋንቋችን ከሥርና ከቅጠል ተቀምሞ፥ ዛሬም በእንክብልና በመርፌ ተዘጋጅቶ ለታመመ የሚሰጠውን «መድኃኒት» እንለዋለን። ጌታችንንም «መድኃኒታችን»፥ «መድኃኔ ዓለም» እያልን እንጠራዋለን። ሁለቱም ስሞች ማዳን ከሚለው ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ይህን በየቀኑ በአፉ የሚጠራ ምእመን እንክብሉን የእምነቱ ተቃዋሚ አድርጎ መቍጠር አይገባውም ነበር። ሆኖም ይህ ስሕተት በብዙዎች ዘንድ ይገኛል፤ ስለዚህ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምሩትን እንመልከት።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር ያዝዛል፤ ምክንያቱንም ሲናገር ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ ነው ይላል። ለታመመውም ሥርዓት ሠርቶለታል፤ አስቀድሞ እንዲጸልይ፥ ከኃጢአቱ እንዲነጻ፥ መሥዋዕቱን እንዲያቀርብ፥ ከዚያም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዘዋል። ጸሎቱ ሐኪሙን አላስቀረም፤ ሐኪሙም ጸሎቱን አላስቀረም።

ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ሰምቶት በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ይህን የምሥራች ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (2ኛ ነገ. 20፥1-7)። የእግዚአብሔር ቃል ከወጣ በኋላ በለሱ ለምን አስፈለገ? ተስፋውን የሰጠው አምላክ በለሱንም የፈጠረ ስለ ሆነ ነው። ጦቢትም ብርሃኑ በጠፋበት ጊዜ የተላከለት ከመላእክት አለቆች አንዱ ቅዱስ ሩፋኤል ነበር። መልአኩ ግን የዓሣውን ሐሞት እንዲይዝና በአባቱ ዓይን ላይ እንዲያደርገው ለልጁ ለጦብያ አስተማረው። ጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል ስናከብር በዝናሙ የምንጠመቅ ሁላችን፥ መልአኩ ያስተማረውን የዓሣ ሐሞትም ማስታወስ ይገባናል። ጥቅምት 22 ቀን የምናከብረው ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ፤ ቅዱስ ጳውሎስም በዚህ ስም በፍቅር ጠርቶታል (ቈላ. 4፥14)። በቅዳሴያችን የምናስበው ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ራሱ ሕመም የማይለየው ሰው ነበረ፤ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ለሕሙማንና ለድኆች ማረፊያ ሠርቶ ሐኪሞችን አኖረበት።

በሀገራችንም ይህ ጥያቄ በብርቱ የተነሣበት ጊዜ ነበር። ለኤች አይ ቪ ሕሙማን የሚሰጠው መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ መታደል ሲጀምር፥ አንዳንድ ምእመናን በጠበል ስፍራ እያሉ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል መሰላቸው። በ1999 ዓ.ም. ግን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፥ ፓትርያርክ ዘኢትዮጵያ፥ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና እርስ በርሳቸው እንደማይቃረኑ በግልጥ አስተማሩ። ይህ ትምህርት ለአንድ በሽታ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በስኳር፥ በደም ግፊት፥ በልብ፥ በሚጥል በሽታና በአእምሮ ሕመም የሚሠቃየውም ሁሉ ሊይዘው የሚገባ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ እምነቱም ይጽና፤ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪሙ ምክር አይተው።

ቀኑን ስለ መፈጸም

የሶርያው ንዕማን ከለምጹ ሊነጻ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ በመጣ ጊዜ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ታዘዘ (2ኛ ነገ. 5)። እርሱ የጠበቀው ነቢዩ ወጥቶ፥ የአምላኩን ስም ጠርቶ፥ እጁን ወዝውዞ በአንድ ጊዜ እንዲፈውሰው ነበር። የታዘዘው ነገር ቀላል፥ ደግሞም ተደጋጋሚ ስለ ሆነ ተቆጥቶ ሊመለስ ተነሣ። ባሪያዎቹ ግን ነገሩን በልዝብ ቃል አስረድተው መለሱት። ንዕማንም ሰባት ጊዜ በውኃው ብቅ ጥልቅ አለ፤ ሥጋውም እንደ ትንሽ ልጅ ሥጋ ሆነ። እስቲ እናስብ፤ በስድስተኛው ጊዜ ወጥቶ ልብሱን ቢለብስ ምን ይሆን ነበር? እምነቱ የታየው ወደ ውኃው በመግባቱ ብቻ ሳይሆን የተነገረውን ቍጥር በመፈጸሙ ነው።

ዛሬ ይህ የንዕማን ፈተና በየቤቱ አለ። የሳንባ ነቀርሳን ለምሳሌ እንውሰድ። የዚህን በሽታ ተሕዋስያን ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 ለይቶ አሳወቀ። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1943 እስኪገኝ ድረስ ግን በሽታውን በእርግጥ የሚያድን መድኃኒት አልነበረም፤ ሕመምተኛው በዕረፍትና በምግብ እየተረዳ ቀኑን ከመጠበቅ በቀር ብዙ ተስፋ አልነበረውም። እኛ ያገኘነውን አባቶቻችን አላገኙትም። ዛሬ መድኃኒት የሚበግረው የሳንባ ነቀርሳ በተለመደው ሥርዓት በ6 ወር ሕክምና ይድናል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፥ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይሰጣል።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ይቀንሳል፤ የሌሊቱ ላብ ይቀራል፤ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፤ ፊትም ወዝ ያገኛል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ድኛለሁ» ይልና ያቆማል። ምስጋናው መልካም ነው፤ ማቆሙ ግን ጥፋት ነው። በሳንባው ውስጥ ተሸሽገው የቀሩት ተሕዋስያን ዳግመኛ ይበዛሉና። አንዳንድ ጊዜም መድኃኒቱን ተለማምደው ይነሣሉ፤ በዚያን ጊዜ የፊተኛው መድኃኒት አይበግራቸውም፤ ሌላ ከባድ መድኃኒትና የጠነከረ ክትትል ያስፈልጋል። ጉዳቱም በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም። በትንፋሹ አማካይነት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ልጆቹን፥ በማኅበር አብሮት የሚቀመጠውን ወንድሙን ያገኛቸዋል። ስለዚህ መድኃኒትን መፈጸም ጤናን የመፈለግ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ባልንጀራን የመውደድ ትእዛዝም ነው።

«በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር መዋጥ ሰለቸኝ» የሚል ሰው ቢኖር የራሱን የጸሎት ልማድ ያስብ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ይጸለያል፤ የሰኞው በሰኞ፥ የማክሰኞው በማክሰኞ ይደርሳል። ትናንት ጸልያለሁና ዛሬ ይቅርብኝ የሚል ትጉህ ምእመን የለም። እንግዲህ መድኃኒቱንም ከዕለት ጸሎቱ ጋር ቢያያይዘው፥ አስቀድሞ አማትቦ፥ የዕለቱን ጸሎት አድርሶ፥ በታዘዘለት ሰዓት ቢወስደው፥ ጸሎቱ መድኃኒቱን እንዳይረሳ ያስታውሰዋል፤ መድኃኒቱም ጸሎቱን እንዳይተው ያስታውሰዋል። ስትሮክ በሚባለው የአንጎል ደም ሥር ሕመም ግማሽ አካሉ የደከመ፥ ወይም እግሩ ተሰብሮ አጥንቱ የተጋጠመለት ሰውም እንዲሁ ነው። አጥንቱ ቢገጥምም ጡንቻው ከመተኛት ብዛት ስለ ደከመ ዕለት ዕለት ሊያለማምዱት ያስፈልጋል። ሕመሙ ቢከብድም፥ ለውጡ በቀን ባይታይም፥ የታዘዘለትን እንቅስቃሴ የሚደጋግም ሰው በወራት ውስጥ ልዩነቱን ያየዋል። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶች ይህን ትዕግሥት ያውቁት ነበር።

ስለ ምግብ፥ ስለ ዕረፍትና ስለ ጾም

ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ባስነሣ ጊዜ በቤቱ የነበሩት ሁሉ በመደነቅ ቆመው ነበር። እርሱ ግን የምትበላው እንዲሰጧት አዘዘ (ማር. 5፥43)። ሞትን ያሸነፈ ጌታ የብላቴናይቱን ረኀብ አልረሳም። ነቢዩ ኤልያስም በምድረ በዳ ደክሞ ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር በተግሣጽ አልጀመረም፤ አስቀድሞ እንዲተኛ ተወው፤ ከዚያም መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ የሚቀረው መንገድ ሩቅ ነውና (1ኛ ነገ. 19፥4-8)። የሚያገግም ሰው መንገዱ ገና ሩቅ ነው። መብላቱና ማረፉ ስንፍና አይደለም።

ይህን የምንለው ብዙ ደጋግ ምእመናን በጾም ወራት ስለሚጨነቁ ነው። ሕመም የጸናባቸው እናቶችና አባቶች «ጾሜን ከምፈታ ሞቴን እመርጣለሁ» ሲሉ ይሰማል። ቅንዓታቸው የተመሰገነ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ሸክም አልጫነችባቸውም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት አንቀጽ ሕሙማንን በሌሎች መጠን አላስገደዳቸውም። ስለዚህ የታመመ ሰው በራሱ ፈቃድ አይሻር፤ በራሱ ፈቃድም ራሱን አይግደል። ነገሩን ለንስሓ አባቱ ይግለጥ፤ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት፥ ስለ ምግቡ፥ ቅዱስ ቍርባን ስለሚቀበልበትም ሁኔታ ይማከር፤ የተፈቀደለትንም ያለ ሐፍረት ይቀበል። ከምግብ መጾም ያልቻለ ከቍጣ፥ ከሐሜትና ከማጕረምረም ሊጾም ይችላል፤ በአልጋ ላይ ሆኖ ይህን መጾም ደግሞ ቀላል ተጋድሎ አይደለም።

ፈውሱ ሲዘገይ ወይም ሲቀር

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ ሰው ትእዛዙን ከፈጸመ ሁልጊዜ ይድናል ለማለት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት የሚወስድ አለ፤ ከአልጋው የማይነሣም አለ። ለእነዚህ ምን እንላለን?

በኤፌሶን ከሰውነቱ የተወሰደው ጨርቅ እንኳ ድውያንን የፈወሰ ቅዱስ ጳውሎስ (ሐዋ. 19፥12) ባልንጀራው ጥሮፊሞስ በታመመ ጊዜ በሚሊጢን ትቶት ሄደ (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። ልጄ የሚለው ጢሞቴዎስ በሆዱ ሕመም በተቸገረ ጊዜም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መከረው እንጂ በተአምራት አልፈወሰውም (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ራሱም ከሥጋው መውጊያ እንዲገላገል ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ ግን ጸጋው እንደሚበቃውና የእግዚአብሔር ኀይል በድካም እንደሚፈጸም የሚናገር ነበር (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። የጳውሎስ እምነት ጎድሎ ነበር የሚል ማን ነው? እንግዲህ ሕመምተኛውን «እምነትህ ቢኖርማ ኖሮ ትድን ነበር» የሚል ሰው ከሐዋርያው በላይ ሊሆን ይሞክራል።

«ይህ የመጣብህ ስለ ኃጢአትህ ነው» የሚሉትም እንዲሁ ይጠንቀቁ። ንስሓ ለታመመውም ለጤነኛውም ሁሉ ያስፈልጋል፤ ሕመምን ሁሉ የኃጢአት ቅጣት ማድረግ ግን ጌታ ራሱ ስለ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ሲጠየቅ ያልተቀበለው አሳብ ነው (ዮሐ. 9፥3)። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ አብረውት ተቀመጡ፤ ከሠሩትም ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። አፋቸውን ከፍተው በከሰሱት ጊዜ ግን ለቍስሉ ቍስል ጨመሩበት። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ እንጂ በኢዮብ ላይ አልነበረም (ኢዮ. 42፥7)።

ለካህናትና ለቤተ ዘመድ

ከዐቢይ ጾም ሳምንታት አራተኛው «መጻጉዕ» ይባላል። በዚያ ሰንበት የሚታሰበው ሰው 38 ዓመት በአልጋ ላይ ኖሮአል። ጌታ በጠየቀው ጊዜ ያመለከተው ሕመሙን አልነበረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር እንጂ (ዮሐ. 5፥1-9)። ይህ ቃል በሚያገግሙ ሰዎች ቤት ዛሬም ይሰማል። በመጀመሪያው ሳምንት ደጁ በጠያቂ ይጣበባል፤ ዕድርተኛው፥ ጽዋ ማኅበርተኛው፥ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። በሦስተኛው ወር ግን የሚመጣ የለም፤ «ድኖአል» ተብሎአልና። ሕመምተኛው መድኃኒቱን የሚያቆመውም፥ ተስፋ የሚቆርጠውም በዚያ ጊዜ ነው።

ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ቍስሉን በዘይትና በወይን አጥቦ ቢሄድ ኖሮ ሥራው በተመሰገነ ነበር። እርሱ ግን በዚህ አልበቃውም፤ በአህያው ላይ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ አድሮም ሁለት ዲናር ሰጥቶ፥ የሚጎድለውን ተመልሶ እንደሚከፍል ነገረው (ሉቃ. 10፥33-35)። ይህ የሁለት ዲናር ክፍያ የማገገም ዘመን ወጪ ነው። ስለዚህ ጠያቂ ሆይ፥ የመጀመሪያውን ሳምንት ለሌሎች ተውና አንተ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ሂድ። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ዕንቍላል፥ ወተት ወይም የመጓጓዣ ገንዘብ ይዘህ ሂድ፤ ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚያቋርጠው መድኃኒት አጥቶ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያው የሚሄድበትን አጥቶ ነውና።

ካህናት አባቶችም ኀላፊነታቸው ከሁሉ ይበልጣል። ሐዋርያው ያዕቆብ የታመመ ሰው ቀሳውስትን ጠርቶ በጸሎትና በዘይት ቅባት እንዲረዳ አዝዞአል (ያዕ. 5፥14-15)፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን በምሥጢረ ቀንዲል ትፈጽማለች። ምሥጢሩ ለሚሞት ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ እንዲነሣም ነው። የንስሓ ልጅህን በጎበኘህ ጊዜ ስለ ጸሎቱና ስለ ንስሓው ጠይቀው፤ መድኃኒቱን በጊዜው መውሰዱንም ጠይቀው። የአንድ ካህን ቃል በምእመን ልብ ከሐኪም ቃል ይልቅ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ቃል አንድ ሰው ሊድን፥ በዚያው ቃልም ሊጠፋ ይችላል። «መድኃኒቱን ተው» የሚል ቃል ከካህን አፍ ቢወጣ ስለዚያች ነፍስ ከጠያቂው አምላክ ፊት መልስ መስጠት ያስፈልጋል።

ከዳነ በኋላ

እግዚአብሔር ጨርሶ የማረው ሰው አንድ ነገር ይቀረዋል። ከዐሥሩ ለምጻሞች ወደ ኋላው ተመልሶ ያመሰገነ አንድ ብቻ ነበር (ሉቃ. 17፥11-19)። ሕዝቅያስም በእንባው ከሞት ከዳነ በኋላ ልቡ ኮርቶ ለባቢሎን መልእክተኞች ግምጃ ቤቱን ሁሉ አሳየ፤ የተደረገለትንም በጎነት የሚመጥን ምስጋና አልመለሰም (2ኛ ዜና 32፥25)። በአልጋ ላይ ያለቀሰ ሰው በጤናው ጊዜ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚጠብቀው ምስጋናን ወደ ሥራ መመለስ ነው። የጴጥሮስ አማት ንዳዷ በለቀቃት ጊዜ ተነሥታ አገለገለቻቸው (ማር. 1፥31)። የዳነ ሰውም ገና የሚታከመውን ወንድሙን ሄዶ ይጠይቅ፤ «እኔም በአራተኛው ወር ላቆም ነበር፥ ግን ፈጸምሁት» ይበለው። ይህን ቃል ጤነኛ ሰው ሊናገረው አይችልም፤ በመንገዱ ያለፈ ብቻ ይናገረዋል።

እንግዲህ «ጨርሶ ይማርህ» በተባልን ጊዜ «አሜን» የምንለው እነዚህን ሁሉ አስበን ይሁን። አሜን ማለት የተጀመረውን ምሕረት አመስግኖ የቀረውን በትዕግሥት ለመፈጸም መስማማት ነው፤ ጠበሉን ከመድኃኒቱ፥ ጸሎቱን ከምግቡ፥ እምነቱን ከእውነቱ ሳይለዩ መኖር ነው። በዚህ ዓለም ጤናው ሙሉ በሙሉ ያልተመለሰለትም ሰው ምርቃቱ አይቀርበትም። ይህ የሚበሰብሰው ሥጋ የማይበሰብሰውን በሚለብስበት በትንሣኤ ቀን (1ኛ ቆሮ. 15፥53) ሕመምና ድካም ሁሉ ይቀራል። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ወዳጆቹን ሁሉ ጨርሶ ይምራቸዋል።

በየቤቱና በየሆስፒታሉ የተኙትን፥ በየጠበሉ የሚጠመቁትን፥ በትራቸውን ተደግፈው መራመድ የጀመሩትንም ሁሉ እግዚአብሔር በምሕረቱ ይጎብኛቸው፤ የሚያስታምሟቸውንም ያጽናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።